ጥቀርሻ ያልነደደ ማገዶ ነው
(በካኩማ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ምድጃና ስለ ጭስ ማውጫ ካደረግነው ንግግር የተዘጋጀ)



ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ስለ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከማጀቱ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ስናየው አድገናል፤ ድስት ስናጥብ እጃችንን አጥቁሮታል። ነገር ግን እዚህ ካምፕ ከገባን በኋላ፣ ምግብ ቤቱም ዳቦ ቤቱም እንጀራ ጋጋሪውም ጭሱን በቆርቆሮ ቱቦ ማስወጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ጥቀርሻ ሌላ ጠባይ አምጥቷል። በጣሪያ ላይ ሲንጠለጠል ዓይን ከማስቀየም ያለፈ ብዙ ጉዳት አላየንበትም ነበር፤ በቱቦ ውስጥ ሲጠራቀም ግን ቤት ያቃጥላል።

ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም። ምድጃ ከምንሠራው ሰዎች መካከል ሁለታችን በአንድ ምግብ ቤት እንሠራ ነበር። ምድጃው የጭቃ ነው፤ ቱቦውን የጁዋ ካሊ ሠራተኞች ከአሮጌ ቆርቆሮ ጠቅልለው ሠሩት። ማታ ማታ ለነገ የሚሆን ባቄላ ይጣዳል፤ አንድ ወፍራም ግንድ ይገፋበታል፤ ከዚያ የምድጃው አፍ በቆርቆሮ ክዳን ይዘጋና ሰው ሁሉ ይተኛል። ማገዶ የቆጠብን መስሎን ነበር። ዝናብ የጣለበት ሰሞን ስለነበር ግንዱም እርጥብ ነበር። ሁለት ወር ያህል እንዲህ አደረግን። አንድ ቀን ንጋት ላይ እንጀራ ሊጋገር ደረቅ ጭራሮ ሲማገድ ነበልባሉ ወደ ቱቦው ገባ። በመጀመሪያ ድምፅ ሰማን፤ ከሩቅ የሚያጓራ አውሮፕላን ይመስል ነበር። ወዲያው ቱቦው ከታች ጀምሮ ቀላ። ከጫፉ የወጣው ፍንጣሪ የጎረቤትን የላስቲክ ጣሪያ ያዘ። ተመስገን፣ ሰው አልሞተም። ሆኖም ሁለት ቤት ነደደ፤ በአንደኛው ቤት የነበረች እናት የራሽን ካርዷን፣ የልጆቿን የትምህርት ወረቀትና ያላትን ልብስ ሁሉ አጣች። ያንን ክዳን በየማታው የዘጋነው እኛ ነን። ስለዚህ ዛሬ ስንናገር እንደ አዋቂ ሳይሆን ጥፋቱን እንደ ሠራ ሰው ስሙን።

እንግዲህ ጥቀርሻ ምንድን ነው? ነገሩን ለመረዳት እንጨት እንዴት እንደሚነድ ማወቅ ያስፈልጋል። እንጨት ሲሞቅ አብዛኛው ክፍሉ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ከሦስት እጅ ከሁለት እጁ የሚበልጠው በዚህ መንገድ ይወጣል፤ የሚቀረው ፍምና አመድ ነው። ነበልባል የምንለውም ይኸው ጋዝ ሲነድ የሚታየው ብርሃን ነው። ጋዙ እንዲነድ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ኃይለኛ ሙቀትና በቂ አየር። አንዱ ከጎደለ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ወፍራም ጭስ ባያችሁ ቁጥር የገዛችሁት ማገዶ ሳይሠራላችሁ በጣሪያ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ከዚያስ? እናቶች አረቄ ሲወጣ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ጥንስሱ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፤ ከቀዝቃዛው ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። የጭስ ማውጫም ልክ እንደ አረቄ ማውጫ ነው። ያልነደደው ጭስ በውስጡ የውሃ እንፋሎትና የቅጥራን ጠብታ ይዞ ይወጣል። በቱቦው ሲያልፍ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከወረደ ቅጥራኑ ከቱቦው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ፈረንጆች ይህን ክሪዮሶት ይሉታል። ከምድጃው አጠገብ ቱቦው ይሞቃልና ብዙም አይይዝም፤ ወደ ላይ ነፋስ የሚያገኘው ክፍል ግን ይቀዘቅዛልና እዚያ ይጠራቀማል። ቱቧችሁን ከታች አይታችሁ «ንጹሕ ነው» ብትሉ ልትሳሳቱ የምትችሉት ለዚህ ነው።

ክሪዮሶት በሦስት መልክ ይታያል። መጀመሪያ እንደ ዱቄት የላላ ጥላሸት ነው፤ በመጥረጊያ ይረግፋል። ካልተጠረገ እንደ ቅርፊት ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ ይህም በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ይለቃል። ሦስተኛው ክፉው ነው፤ እንደ ቀለጠ ሬንጅ ያብረቀርቃል፤ በብሩሽ ቢፍቁት አይነቃነቅም። ሲነድም እንደ ነዳጅ ነው፤ በቱቦ ውስጥ የተነሣ እሳት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ቆርቆሮ እንዲህ ያለውን ሙቀት አይችልም። የእኛው ቱቦ ሦስተኛው ዓይነት ነበረበት።

አንድ አረጋዊ «ጥቀርሻ የቤት ጌጥ ነው፣ ምስጥ ይከለክላል» ብለውን ነበር። እውነት አላቸው። የአያቶቻችን ሳር ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም፤ ጭሱ በሳሩ መካከል እየሾለከ ይወጣ ስለነበር ወጋግራውና ማገሩ ጠቁረውና አብረቅርቀው ነቀዝ ሳይነካቸው ይኖሩ ነበር። በየመንገዱ ዳር የሚታየው ጥቁር የስልክና የመብራት እንጨትም ብዙ ጊዜ ከድንጋይ ከሰል በሚገኝ የዚሁ ዘመድ በሆነ ክሪዮሶት የተነከረ ነው፤ እንዳይበሰብስ ነው። ይሁንና ያው ጭስ የአያቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ጎድቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከሁሉ በላይ ጥቀርሻ የሚያበዛው ሁለት ነገር ነው፤ እርጥብ እንጨትና የታፈነ እሳት። ብዙ ሰው «ማቴንጌ ነው ጥፋተኛው» ይላል፤ ይህን በአካባቢያችን የሞላውን ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃማ ዛፍ ማለታችን ነው። ዛፉን በሌላ ብዙ ነገር ልንከሰው እንችላለን፤ በዚህ ግን ንጹሕ ነው። ማቴንጌ ሲደርቅ ጥሩ ፍም የሚሰጥ ጠንካራ ማገዶ ነው። እርጥብ ከሆነ ግን የትኛውም ዛፍ ቱቦ ይዘጋል።

ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ሲሶው፣ አንዳንዱም ግማሹ ውሃ ነው። ይህን ውሃ ለማትነን የሚጠፋው ሙቀት ድስቱ ጋ አይደርስም። ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ጭሱ ይወፍራል፣ ቱቦው ያልበዋል። ከቱርካና ሴቶች አንድ ሸክም ስንገዛ፣ ወይም ከሚታደለው ድርሻችን ስንቀበል፣ እንጨቱ ከባድ ከሆነ ደስ ይለናል፤ ብዙ የተሰጠን ይመስለናል። ከባድ የሆነው ግን በውሃው ሊሆን ይችላል።

የታፈነ እሳት ሌላው ነው። ማገዶ ውድ ነው፤ የሚታደለውም ለወሩ አይበቃም። ሴቶቻችን ሊለቅሙ ወደ ላጋው ማዶ ሲሄዱ ምን እንደሚደርስባቸው በዚህ ስብሰባ ፊት መዘርዘር አያስፈልገንም። ስለዚህ እሳቱን አፍነን፣ ግንዱ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲጨስ እናደርጋለን። ቁጠባ ይመስላል። በእውነቱ ግን አየር ያጣው ግንድ ጋዙን ሳያነድ ይለቀዋል፤ ጠዋት ስንነሣ ግንዱ አልቋል፣ ባቄላው እንደ ነገሩ በስሏል፣ ከማገዶው ደኅናው ክፍል ደግሞ ቱቦው ላይ ተለጥፏል። ለአደጋ የሚያዘጋጀንን ቅጥራን በገንዘባችን ገዝተን አስቀመጥን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። እናቶቻችን ፍም በአመድ አዳፍነው ያሳድሩ ነበር። ያ ሌላ ነው። ፍም ጋዙን አስቀድሞ የጨረሰ ስለሆነ ቅጥራን የለውም። ጥቀርሻ የሚያመጣው ፍሙን ማዳፈን ሳይሆን ያልነደደውን ግንድ ማፈን ነው። የፍም ጉዳት በሌላ በኩል ነው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ታዲያ ባቄላው እንዴት ይብሰል? እኛ አሁን የምናደርገውን እንንገራችሁ። ባቄላውን ማታ እንዘፈዝፈዋለን። በማግስቱ በደረቅ ፍልጥ፣ የምድጃው አፍ ክፍት ሆኖ፣ በደማቅ እሳት በደንብ እናፈላዋለን። ከዚያ ድስቱን ከነክዳኑ አውጥተን በአሮጌ ብርድ ልብስና ጨርቅ በተጠቀጠቀ ቅርጫት ውስጥ እንቀብረዋለን። በያዘው ሙቀት ብቻ መብሰሉን ይቀጥላል። ከሰዓታት በኋላ ጥቂት እሳት ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ላይ የምግብ ቤቱ ሴቶች ሳቁብን፤ አሁን ቅርጫቱን የሚደብቁት እነሱ ናቸው። ቦሎቄ የሚያበስል ሰው ግን ከመቅበሩ በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ያፍላው፤ በደንብ ያልፈላ ቦሎቄ ሆድ ያማል።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ ጣዕም ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለማገዶው ግን አይሠራም። በአገራችን በ1990ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ የተስፋፋው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል። ምሥጢሩ እሳቱን በማፈን አይደለም፤ ሙቀቱ በየጎኑ እንዳይበተን አጥሮ፣ እሳቱ ግን አየር እንዲያገኝ በማድረግ ነው።

ስለ ማድረቅ ስንናገር የሚታዘበን እንዳለ እናውቃለን። «ለዛሬ ማታ የሌለው ሰው ለወር የሚሆን እንጨት ያስቀምጣል ወይ?» ይለናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ለሁሉም የሚሆን መልስ የለንም። ይሁን እንጂ የካኩማ ፀሐይና ነፋስ በሌላ ነገር ሁሉ ቢያሠቃዩንም በዚህ ይረዱናል። በቀዝቃዛ አገር ፍልጥ ለመድረቅ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈልጋል፤ እዚህ በቀጭኑ ከተፈለጠ በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል። ግንድ እንዳለ ከተቀመጠ ግን ቅርፊቱ ውሃውን ይዞት ይቆያል፤ ስለዚህ መፍለጥ ከማስጣት ይቀድማል። ከልጅ ክንድ እንዳይወፍር አድርጉት። ከመሬት አንሥታችሁ በድንጋይ ላይ ደርድሩት፤ ከላይ ብቻ ይሸፈን፣ ጎንና ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይሁን። በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ማበስበስ ነው። በአንዳንድ ብሎክ አራትና አምስት ቤተሰብ ሆነው በጋራ እየገዙ፣ አንዱ ክምር ሲነድ ሌላው እንዲደርቅ ያደርጋሉ፤ ይህን አይተን ወደነዋል። ያንን ያልቻለ ሰው ደግሞ የሳምንት ማገዶ እንኳ ፈልጦ ያስጣ፤ ከምንም ይሻላል። ምድጃው ላይ ደርድሮ ማድረቅ ግን እሳት መጥራት ነው።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? ጫፉ ከመሐል ወደ ዳር ይሰነጠቃል። ቅርፊቱ በቀላሉ ይላቀቃል። ሁለት ፍልጥ ብታጋጩ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ከባለሱቅ ሚዛን ላይ አንዱን ፍልጥ መዝኖ ምልክት ያድርግበት፤ በየሳምንቱ ይመዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ስለ ቱቦው አሠራር ብዙ ማለት ይቻላል፤ ጥቂቱን ብቻ እንበል። ቱቦ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ የጥቀርሻ ማረፊያ ነው። ሁለት ቱቦ ሲገጣጠም የላይኛው ጫፍ በታችኛው ውስጥ ይግባ። ብዙ ሠራተኛ ለዝናብ ብሎ ገልብጦ ይገጥመዋል፤ ያን ጊዜ ቅጥራኑ ሲወርድ በመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይንጠባጠብና ግድግዳውን ያጠቁራል፤ እሳት ሲነሣም መንገድ ይሆነዋል። ጫፉ ከሚያልፍበት ጣሪያ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ክልል ውስጥ ካለ ከማንኛውም ጣሪያ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ አለዚያ ነፋሱ ጭሱን ይመልሰዋል። ከእንጨት፣ ከላስቲክና ከሳር 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ይህን ቦታ ለማግኘት በእኛ ጠባብ ቤት አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም የነደዱት ቤቶች ከቱቦው ጫፍ ክንድ ያህል እንኳ አይርቁም ነበር።

አሁን ጠረጋው። ምግብ ቤትና ዳቦ ቤት በየሁለት ሳምንቱ ቱቦውን ይመልከት። የጥቀርሻው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይጠረግ፤ 6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ሳይጠረግ እሳት አይነድበት። ምድጃው በደንብ ይቀዝቅዝ። የምድጃው አፍ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። በገመድ ላይ የሽቦ ብሩሽና ከበታቹ ክብደት ያለው ብረት ታስሮ ከላይ ይውረድ፣ ይመለስ። ጠራጊው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ ሲጨርስ ገላውን በሳሙና ይታጠብ፣ ልብሱንም ይለውጥ። ይህ ንጽሕና ወዳድነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ የሎንዶን ሐኪም የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን የሚይዘው የቆዳ ካንሰር ከጥቀርሻ የመጣ መሆኑን ጽፏል። ልጆች በዚህ ሥራ አይላኩ።

እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቀው ከሆነ አትድከሙ፤ ያንን የቱቦ ክፍል አውጥታችሁ ለውጡት። «ጋዝ አርከፍክፈን እናቃጥለው» የሚሉ አሉ። እንዲህ ያደረገ ሰው ያንን የእኛን ንጋት በገዛ እጁ ይጠራል። ጨው በእሳት ላይ መበተንም ጠረጋን አይተካም፤ ቆርቆሮውንም ያዝገዋል።

እሳቱ ከተነሣስ? ድምፁን ከሰማችሁ ወይም ቱቦው ሲቀላ ካያችሁ መጀመሪያ ሰው ይውጣ። የምድጃውን አፍ በእርጥብ ጭቃ ወይም በክዳን ድፈኑት፤ አየር ሲያጣ ይዳከማል። በምድጃው ውስጥ አሸዋ ድፉበት። በጋለው ቱቦ ላይ ውሃ አትድፉ፤ እንፋሎቱ ሰው ያቃጥላል፣ ቱቦውም ይፈነዳል። ውሃው ለጎረቤት ጣሪያ ይሁን። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቱቦው ሳይመረመር ዳግመኛ አይነድበት።

የፍምን ጉዳት እንነግራችኋለን ብለን ነበር። ቱቦ በጥቀርሻ ሲዘጋ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ያኔ ዓይን ይለበልባልና ሰው ይነቃል። ፍም ግን ጭስ የለውም። ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ያወጣል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስታውካል፣ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በዝናብ ሌሊት ከሰል ወይም የተዳፈነ ፍም ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው ወባ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወደ ውጭ ውጡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለመልሶ ሰፈራ የምትጠባበቁም ይህን ያዙልን። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከባድ ነፋስ መብራት ባቋረጠ ጊዜ፣ ለሙቀት ብለው ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ብዙ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ተመርዘዋል፤ የሞቱም አሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ እንደ እኛ ከሌላ አገር የሄዱ ነበሩ። የምትገቡበት ቤት የእንጨት ምድጃ ካለው ደግሞ ጭስ ማውጫው በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ እንዲታይ ባለቤቱን ጠይቁ። በብርዱ አገር ቱቦው ከእኛው ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ጥቀርሻውም የዚያኑ ያህል ፈጥኖ ይጠራቀማል።

የሽቦ ብሩሽና ገመድ ሠርተናል፤ ለሁሉም ብሎክ በነጻ እናውሳለን። የፈለገ ሰው እሳት ሳያነድ በማለዳ ይምጣ፤ አንድ ጊዜ ከነደደ ቱቦው እስኪቀዘቅዝ ብሩሹ ያለ ሥራ ይውላልና። መሰላል የሚያውሰን ካለ ደግሞ ይንገረን፤ የእኛው ተሰብሯል።